መርከብ መንገድዋን በምን ታውቃለች?

በክረምቱ መግቢያ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የምትረከቡት ማዳበሪያ በየት በኩል እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ማዳበሪያው በሌላ አገር ፋብሪካ ይሠራል። መርከብ ላይ ይጫናል። ቀንም ሌሊትም በባሕር ተጉዞ ጅቡቲ ወደብ ይራገፋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ እናውቀዋለን። መኪናው አስፋልት አለው፤ ድልድይ አለው፤ ሾፌሩ ቢጠፋበት እንኳ እረኛ ይጠይቃል። በባሕር ላይ ግን እረኛ የለም።

ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርት «መርከብ» የሚለውን ቃል ስናነብ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ እኔ በጭጋግ ቀን ከገዛ ማሳዬ ወደ ቤቴ ስመለስ የጠፋሁበት ጊዜ አለ። ይኼ የመርከብ ነጂ ዛፍ የለው፣ ጋራ የለው፣ በምን ያውቃል?» አሉን። «አባባ፣ አጥንተን እንመጣለን» አልናቸው። ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። ስናጠናው ግን እስከ እኩለ ሌሊት አከራከረን። ያገኘነውን እነሆ ጽፈናል። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የድሮ ባሕረኞች ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በኮከብ ይመሩ ነበር። ኮምፓስ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ሰሜንን ያሳያቸዋል። ደመና ሲጋርዳቸው ምን ያደርጋሉ? ይቆጥራሉ። «መርከቢቱ በሰዓት ይህን ያህል ትሄዳለች፤ አቅጣጫዋ ወደዚህ ነው፤ ከተነሣን 5 ሰዓት ሆኖናል፤ እንግዲህ አሁን እዚህ ቦታ መሆን አለብን» ይላሉ። እናንተም በጨለማ ስትሄዱ «ከወንዙ ከተሻገርኩ ይህን ያህል ሄጃለሁ፣ አሁን ዋርካው ጋ መድረስ አለብኝ» ትላላችሁ። ይህ በግምት መቁጠር ነው። በግምት መቁጠር አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ነፋስና የባሕር ሞገድ መርከቢቱን ወደ ጎን ሲገፏት ቆጣሪው አያውቅም። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ዛሬ መርከቦች በሳተላይት ይመራሉ። ሳተላይት ሰው ሠርቶ ወደ ሰማይ የሰደደው፣ እንደ ጨረቃ መሬትን የሚዞር መሣሪያ ነው። ለመንገድ መሪነት ከተላኩት ውስጥ በጣም የታወቁት ጂፒኤስ የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ናቸው። የመጀመሪያው በ1978 ወደ ሰማይ ወጣ። ሙሉ ሥራ እንደጀመሩ የታወጀው በ1995 ነው። ዛሬ ሩሲያ፣ ቻይናና የአውሮፓ አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። በእጅ ስልካችሁ ውስጥም የዚሁ መሣሪያ ታናሽ ወንድም አለ። በአንዳንድ ወረዳ የመሬት ልኬት ሠራተኞች በእጃቸው ይዘውት የሚዞሩትም እሱው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መብረቅ ብልጭ ሲል አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ብትቆጥሩ፣ በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ ማለት ነው። ጊዜው ርቀቱን ይነግራችኋል። የጂፒኤስ ሳተላይትም ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ «ሰዓቱ ይህን ያህል ነው፤ እኔም እዚህ ቦታ ነኝ» እያለ በሬዲዮ ምልክት ይልካል። ምልክቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መርከቢቱ ላይ ያለው ተቀባይ መሣሪያ፣ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት አይቶ ርቀቱን ያሰላል።

አንድ ርቀት ብቻውን ቦታ አይናገርም። በችካል ላይ የታሰረች ፍየል ገመዷ ተወጥሮ ከሆነ በክቡ ላይ የትም ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛ ችካልና ሁለተኛ ገመድ ቢጨመር መቆሚያዋ ወደ ሁለት ቦታ ይጠባል። ሦስተኛው ገመድ ይለየዋል። በሰማይም እንዲሁ ነው። ሆኖም አራተኛ ሳተላይት የግድ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የተቀባዩ ሰዓት እንደ ሳተላይቶቹ ሰዓት ትክክል አይደለም። ሰዓት በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት የቦታው ስሕተት 300 ሜትር ይሆናል። አራተኛው ሳተላይት ይህን ስሕተት ያርማል።

መሣሪያው መልሱን በዲግሪና በደቂቃ ይጽፋል። ለምሳሌ የጅቡቲ ወደብ በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ገደማ ይገኛል። ይህ ደቂቃ የሰዓት ደቂቃ አይደለም፤ የርቀት ነው። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አንድ ደቂቃ መሄድ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ያህል ነው። አንዲት ቁጥር ተሳስቶ ያነበበ ባሕረኛ በሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ተሳሳተ ማለት ነው። ማንበብ ለባሕረኛም እንጀራው ነው።

አሁን መሣሪያው መርከቢቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እንይ። ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው አንቴናው ነው፤ እንጉዳይ የመሰለ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነ፣ ከፍ ብሎ ሰማይ በሚታይበት ቦታ የሚተከል ነው። ሁለተኛው ከአንቴናው ወደ ታች የሚወርደው ገመድ ነው። ሦስተኛው በመርከቡ ማዘዣ ክፍል ውስጥ ያለው ቁጥር የሚያሳየው ሣጥን ነው። ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሣጥኑን ነው። ይወለውለዋል፣ ይሸፍነዋል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እላይ፣ ገመዱ ከአንቴናው ጋር በሚገናኝበት መሰኪያ ላይ ነው።

ምክንያቱ ጨው ነው። የባሕር ውሃ ጨዋማ ነው። ማዕበል መርከቢቱን ሲመታ ውሃው እንደ ካፊያ ይረጫል፤ ነፋስ ወስዶ እስከ ላይ ያደርሰዋል። ውሃው ይደርቃል፤ ጨው ይቀራል። ጨው እርጥበት ይስባል። እርጥበትና ጨው ተባብረው መዳቡን ይበሉታል። የቆየ የመዳብ ዕቃ አረንጓዴ ዝገት ሲያወጣ አይታችኋል። በመሰኪያው ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦም እንዲሁ ትሆናለች፤ ከውጭ ግን አይታይም። የሳተላይቱ ምልክት ደግሞ ከሰማይ ሲነሣ ኃይሉ የአንድ ሁለት የቤት አምፖል ያህል ነው፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት በኋላ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ትንሽ ዝገት ይበቃዋል።

ስለዚህ ባለሙያው መሰኪያውን አጥብቆ ካሰረ በኋላ በላስቲክ ናስትሮ ይጠቀልለዋል። ይህ ናስትሮ ሲለጠጥና ሲደራረብ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ አካል የሚሆን ነው። እዚህ ላይ የሣር ቤት የከደነ ገበሬ ከእኛ ይበልጣል። ሣሩን የምትጀምሩት ከየት ነው? ከታች ነው። የላይኛው ረድፍ በታችኛው ላይ ስለሚያርፍ ውሃው ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። ናስትሮውም ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ ግን እጥፋቱ ውሃውን ይሰበስባል። ገመዱ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲገባ ይደረጋል። የዝናብ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሲወርድ በዘንበሉ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መሣሪያው አይዘልቅም።

ሌላው ጠላት ንዝረት ነው። የመርከብ ሞተር ቀንና ሌሊት አያርፍም። ያልታሰረ ገመድ ሲወዛወዝ ይከርማል፤ አንድ ቀን ከመሰኪያው ይላቀቃል። ስለዚህ በየክንዱ ከምሰሶው ጋር ይታሰራል። በኃይል አይታጠፍም፤ ሰው በሚረግጥበትም አይዘረጋም። አንቴናው ከራዳሩ ጨረር ፊት አይቆምም። ቀለም የሚቀቡ ሠራተኞች አንቴናውን ቀለም እንዳያስነኩት ይነገራቸዋል፤ ብረት ያለበት ቀለም ምልክቱን ይጋርዳል። ሲቆሽሽ በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ጨዉ ይታጠባል። በኃይል የሚረጭ የውሃ ቱቦ ግን በጭራሽ አይደገንበትም።

በሰሜን ባሕሮች በረዶ አንቴናውን ይሸፍነዋል። በረዶውን በመዶሻ የመታ ሰው አንቴናውንም ይሰብራል። ለብ ባለ ውሃ ቀስ ተብሎ ይላቀቃል። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ የመርከቡ ብረት በቀትር እጅ አያስነካም። በዓለም አቀፍ መመዘኛ መሠረት ከውጭ የሚተከለው ክፍል ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ከሆነ ቅዝቃዜ እስከ 55 ዲግሪ ሙቀት ድረስ መሥራቱ፣ የጨው ጉም መቋቋሙም ይፈተናል። ይሁን እንጂ ፈተናውን ያለፈው ዕቃው ነው፤ ገመዱን የሚዘረጋው ሰው እጅ አይደለም። የኤሌክትሪኩ ነገር አጭር ነው፦ ቫልቮላው በልኩ ይሁን፣ መጠባበቂያ ባትሪው በየጊዜው ይፈተሽ።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር በር ባይኖራትም መርከቦች አሏት። በቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ፣ ባሕረኛ የሚሠለጥንበት ተቋም አለ። ከዚያ የሚወጡት የሞተርና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች በውጭ አገር መርከቦች ላይም ይቀጠራሉ። ከደጋ ተወልዶ፣ ወንዝ እንጂ ባሕር ሳያይ አድጎ፣ ዛሬ በውቅያኖስ መካከል ምሰሶ ላይ ወጥቶ ናስትሮ የሚጠቀልል ልጅ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዲት መሰኪያ ብትላቀቅ ምን ይመጣል? የሆነውን እንንገራችሁ።

በ1995 ሰኔ 9 ቀን እኩለ ቀን ላይ ሮያል ማጄስቲ የምትባል የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ደሴት ተነሥታ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ከተማ ጉዞ ጀመረች። በላይዋ 1,509 ሰው ነበር። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ከመሰኪያው ተላቀቀ። ገመዱ ሰው ሊረግጠው ወይም ሊያደናቅፈው በሚችልበት ቦታ ላይ የተዘረጋ ነበር። ሣጥኑ ምልክት ሲያጣ አንድ ሰከንድ ያህል ጮኸና ዝም አለ። ከዚያ ምን አደረገ? ጠፋሁ ብሎ ቢዘጋ ኖሮ በጎ ነበር። እሱ ግን በግምት መቁጠር ጀመረ። በግምት እየቆጠረ መሆኑን የሚናገሩ ጥቂት ትናንሽ ፊደላት ብቻ በመስኮቱ ላይ አሳየ። ቁጥሮቹ እንደ ድሮው በትልቁ መጻፋቸውን ቀጠሉ። መርከቢቱን የሚነዳው ራስ-ሰር መሪም ቁጥሮቹን አምኖ ተከተላቸው።

ነፋሱ ከምሥራቅ በኩል ይነፍስ ነበር። መርከቢቱን ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ገፋት። በግምት የሚቆጥር ነፋስን አያይም ብለን ከላይ ነግረናችኋል። ተረኞቹ መኮንኖች በየሰዓቱ ቁጥሩን ከሣጥኑ እየቀዱ በካርታው ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። ነጥቦቹ እንደ ማረሻ ፈር ቀጥ ብለው ወጡ። አጠገባቸው ደግሞ ከየብስ ማማዎች ምልክት የሚቀበል ሎራን የተባለ ሌላ መሣሪያ በደህና ይሠራ ነበር፤ እውነተኛውን ቦታ ይናገር ነበር። ሁለቱን አስተያይቶ ያነበበ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ምሽት ምልክቶች መጡ። ለዓሣ አጥማጆች ቅርብ ነበሩና እነሱ በሬዲዮ ተጣሩ። ከመርከቢቱ ጥበቃ የቆሙት ሰዎች ቀይ መብራቶች አዩ፤ ነገሩ የደሴት መብራት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወደ ፊት ሰማያዊና ነጭ ውሃ አዩና ተናገሩ። ነጭ ውሃ ጥልቀት በሌለበት ቦታ የሚሰበር ማዕበል ነው። አንድ መኮንን ሊያልፉበት ይገባ የነበረውን ተንሳፋፊ ምልክት ሳያይ ለካፒቴኑ «አይቼዋለሁ» አለ። እኛ ይህን ስናነብ መጽሐፉን አስቀምጠን ተያየን። ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ሣጥኑ «እዚያ ነህ» ስላለው ምልክቱም መኖር አለበት ብሎ ነው ብለን እንገምታለን። የጥልቀት መለኪያውስ? ማስጠንቀቂያው ዜሮ ሜትር ላይ ተደርጎ ስለነበር አልጮኸም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ሮያል ማጄስቲ ከናንታኬት ደሴት በስተምሥራቅ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥታ ቆመች። መሆን አለባት ከተባለበት ቦታ 17 የባሕር ማይል፣ ማለትም 31 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበር። በማግሥቱ ማታ በጎታች ጀልባዎች ተጎትታ ወጣች። ሰው አልሞተም፤ የተጎዳም አልነበረም። ዕድል ነው። ከሥርዋ የነበረው አሸዋ ነው፤ ድንጋይ ቢሆንስ? ጉዳቱና የቀረው ገቢ ተደምሮ 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። መርማሪዎች በኋላ ወደ ላይ ወጥተው ሲያዩ ያገኙት ከመሰኪያው የወጣች ሽቦ ነበረች።

ምልክቱ ሌላም ጠላት አለው፤ ይኸውም ሰው ነው። ደካማ ስለሆነ በሬዲዮ ጩኸት ሊታፈን ይችላል። ከዚህም የባሰው ሐሰተኛ ምልክት ነው። በ1917 አይደለም፣ ትናንትና በ2017 ሰኔ ወር በጥቁር ባሕር ላይ የነበሩ ብዙ መርከቦች መሣሪያቸው «በየብስ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ናችሁ» አላቸው። በ2025 ግንቦት ወር ደግሞ አንዲት ኮንቴይነር የጫነች መርከብ በቀይ ባሕር፣ በጅዳ አቅራቢያ አሸዋ ላይ ወጥታለች፤ ምክንያቱ የሳተላይት ምልክት መታወክ ሳይሆን እንደማይቀር ብዙ ባለሙያዎች ተናግረዋል። እንዲህ ያለውን ጠላት ናስትሮ አይመክተውም።

ስለዚህ ጥሩ ባሕረኛ መሣሪያውን ሲከፍት ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ይታገሣል። ስንት ሳተላይት እንደያዘ ያያል። ትናንሾቹን ፊደላት ያነባል። ከዚያ በኋላም ሌላ ምስክር ይጠራል። በራዳር የባሕሩን ዳርቻ ያያል፤ በዓይኑ የመብራት ማማ ይፈልጋል፤ የውሃውን ጥልቀት ለክቶ በካርታው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ምስክሮቹ ካልተስማሙ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካፒቴኑንም ይቀሰቅሳል።

ይህን ጽሑፍ በማታው ትምህርት ስናነብላቸው እኚያ አባት አሁንም እጃቸውን አወጡ። «ጥልቀቱን ደግሞ በምን ይለኩታል? ገመድ ያወርዳሉ?» አሉ። ድሮ በእርግጥ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ያወርዱ ነበር። ዛሬ የሚለኩት በድምፅ ነው። ከመርከቢቱ ሆድ ድምፅ ወደ ታች ይላካል፤ ድምፁ ወለሉን መትቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ቀን ድምፁ ተልኮ ለመመለስ 2 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ከመርከቢቱ ሥር ስንት ሜትር ውሃ አለ? ስታሰሉ መሄጃውንም መመለሻውንም አትርሱ።